የቃሬዛው መንገድና ገጽ አሥራ አራት

ኔዘር ታሮ፣ ማርች 3 ቀን 1994
ዕድሜዬ ሰማንያ ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ከአሥራ አንድ ቀን

ይድረስ ለተከበሩ ወዳጄ ለወይዘሮ ሙሪየል ሆልት፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? በኦርክኒ የባሕሩ ነፋስ መስኮትዎን ሲደበድብ እንደሚያድር ጽፈውልኛል፤ ልጅዎና ምራትዎ ከጎንዎ መሆናቸውን ሳስብ ግን ልቤ ያርፋል። እኔ ከጉልበቴና ከግራ ጆሮዬ በስተቀር ደኅና ነኝ። መልሴ ሦስት ሳምንት ስለ ዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

የጠየቁኝ ነገር እውነት ነው፤ ዶርካስ ፒም አላጋነነችብዎም። የቃሬዛው መንገድ ተዘግቷል። የኮሎኔል ዊንያት ወራሾች ርስቱን ለሚስተር ክሌግ መሸጣቸውን ያውቃሉ። ሰውዬው ባለፈው ኦክቶበር በላይኛው መንደር መውጫና በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር የሽቦ አጥር ዘረጋ፤ «የግል ይዞታ» የሚል ሰሌዳም ሰቀለ። ከላይኛው መንደር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ፣ እስከ ሱቁና እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው አሥር ደቂቃ ይፈጅ የነበረው እርምጃ አሁን በዋናው መንገድ ዞሮ አርባ ደቂቃ ሆኗል። ያ መንገድ የጭነት መኪኖች የሚከንፉበት፣ ለእግረኛ የአንድ ክንድ ዳርቻ እንኳ የሌለው መሆኑን ለእርስዎ መንገር አያሻኝም። ዶርካስ በሰማንያ ዓመቷ እሑድ እሑድ የባሏን መቃብር ለመጎብኘት የምትሄደው በዚያ ነው።

በአውራጃው ካርታ ላይ ለምን እንደሌለ ያስታውሱ ይሆናል። ሬሳ ያለፈበት መሬት ለዘለዓለም የሕዝብ መንገድ ነው ብለን ሁላችን እናምን ነበር። ስለዚህ በሃምሳዎቹ ዓመታት ሹማምንቱ መንገዶቻችሁን አስመዝግቡ ሲሉን፣ ለላይኛው መንደር ሙታን ስድስት መቶ ዓመት ያገለገለውን መንገድ ማስመዝገብ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል እንደ ማስመዝገብ መስሎን ተውነው። ለካ ሕጉ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም። ሕጉ የሚያውቀው ሕዝቡ ማንንም ሳያስፈቅድ ሃያ ዓመት ከተመላለሰ መንገዱ የሕዝብ መሆኑን ነው። በባለቤቱ ፈቃድ ተመላልሶ ከሆነ ግን፣ መቶ ዓመትም ቢሆን፣ ባለቤቱ በፈለገ ቀን ይዘጋዋል። ሜይ 12 ቀን ከመንግሥት የሚላክ መርማሪ በመንደሩ አዳራሽ ተቀምጦ የሁለቱንም ወገን ቃል ይሰማል፤ እኔም ከምስክሮቹ አንዱ ነኝ።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። በ1958 እኔ ደርሼው እርስዎ በታይፕ የጻፉትን ትንሽ መጽሐፍ፣ «የኔዘር ታሮ ታሪካዊ ስፍራዎችና የሕዝብ አገልግሎቶች»ን፣ የክሌግ ጠበቃ አግኝቶታል። በኖርማኖች ዘመን የተሠራውን የቤተ ክርስቲያኑን በር፣ የአሥራቱን ጎተራ፣ የጭነት ፈረሶቹን ድልድይ፣ ከዚያም ወርዶ የውኃውን ቧንቧና የስልኩን ቤት ሁሉ በፍቅር የዘረዘርንበት መጽሐፍ ነው። ገጽ አሥራ አራት ላይ ስለ ቃሬዛው መንገድ ሲያበቃ እንዲህ ይላል፦ «መንገደኛው በዚህ የሚያልፈው በኮሎኔል ዊንያት መልካም ፈቃድ ነው፤ ደራሲው ስለዚህ ቸርነት ያመሰግናል።»

ባለፈው ሐሙስ ሱቅ ውስጥ ሚስተር ክሌግ ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም አለኝ። ቴምብር ገዝቼ እስክጨርስ ጠበቀና፣ ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «መምህር ኬትሊ፣ መጽሐፍዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ገና ሳልወለድ ለእኔ ብለው የጻፉት ይመስላል» አለኝ። ቴምብሬን ይዤ ወጣሁ።

እንደማስታውሰው ከሆነ፣ ኮሎኔሉ አንድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ስለ ፈቃዱ አንድ ነገር ሳይሉኝ አልቀሩም። እርስዎም በአጠገቤ ቆመው የነበረ ይመስለኛል። መንገዱ እንዲከፈት እሻለሁ፤ ነገር ግን በዕድሜዬ ሁሉ የጻፍሁትን አንድ መጽሐፍ ሐሰት ነው ብዬ በአደባባይ መናገር እንዴት እችላለሁ? ትዝ የሚልዎን ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ፣
አምብሮዝ ኬትሊ


ስትሮምነስ፣ ኦርክኒ፣ ማርች 14

ውድ መምህር ኬትሊ፤

ዕድሜዎን እስከ ቀኑ መቁጠር አሁንም አልተዉም ማለት ነው። እኔ ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ወሩንና ቀኑን ደስ ያለው ይቁጠረው። ደኅና ነኝ። ነፋሱን ለምጄዋለሁ። የልጄ ሚስት ሾርባዬን ጨው አልባ ታደርገዋለች፣ ሌላ ቅሬታ የለኝም።

አይደለም፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ በአጠገብዎ አልቆምኩም። እርስዎም አልቆሙም። ኮሎኔሉ ከ1957 የገና በዓል ጀምሮ እስከ ቀጣዩ ዓመት ጁላይ ድረስ ከቤት አልወጡም፤ ሪህ እግራቸውን ይዟቸው ነበር። የመንደሩ ነርስ ማን እንደነበረች ረስተው ነው? ጠዋት ጠዋት ያንን ቀይ እግር በፋሻ ስጠቀልል የምሰደበው እኔ ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ቢሆን ኖሮ ከካህኑ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ።

ገጽ አሥራ አራትንም አስታውሳለሁ። «ሬሳ ተሸካሚዎቹ የሚያርፉበት ጠፍጣፋ ድንጋይ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ወረቀት አበላሽቻለሁ። ስለ ፈቃድ የሚል አንድም ቃል በጻፍኩት ላይ አልነበረም። ታትሞ ሲመጣ አየሁትና ዝም አልኩ። ያን ዓመት ያሳለፍናቸው ቅዳሜዎች ደስ የሚሉ ነበሩ፤ ድልድዩን በፋሻ ጥቅል ስንለካ፣ እርስዎ የጎተራውን ምሰሶዎች እየቆጠሩ ሲሳሳቱ። ያንን ማበላሸት አልፈለግኩም።

አሁን ግን ዶርካስ በዋናው መንገድ እየሄደች ነው። ስለዚህ ያኔ ያልጠየቅኩትን ልጠይቅ፦ ኮሎኔሉ ፈቀዱ ወይስ አልፈቀዱም? «እንደማስታውሰው» እና «ይመስለኛል» የሌለበት መልስ ይስጡኝ።

እኔም ያልነገርኩዎ አንድ ነገር አለ። መልስዎን ሳላይ ግን አልጽፈውም። ይህን በማለቴ ይቀየሙኝ ይሆናል፤ ይቀየሙኝ።

ሙሪየል ሆልት


ኔዘር ታሮ፣ ኤፕሪል 2 ቀን 1994
ዕድሜዬ ሰማንያ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ከአሥራ ሦስት ቀን

ክብርት ወይዘሮ ሙሪየል፤

ነገ ፋሲካ ነው። መልካም በዓል ብዬ ለመጀመር ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ ይሁን እንጂ የማቀርበው ወሬ ለበዓል የሚሆን አይደለም።

ዶርካስ ሆስፒታል ናት። በሆሳዕና እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ የአንድ ጭነት መኪና ስፖኪዮ ትከሻዋን መትቶ ቦይ ውስጥ ጣላት። ሹፌሩ አልቆመም፤ ምናልባት አላያትም። እኛ በመዝሙሩ መካከል ቦታዋ ባዶ መሆኑን አይተን ሰው እስክንልክ ድረስ እዚያው ተኝታ ቆየች። ዳሌዋ ተሰብሯል። ሐኪሞቹ ትድናለች አይሉም፣ አትድንምም አይሉም።

ማክሰኞ ሄጄ አየኋት። እጄን ይዛ፣ «አምብሮዝ፣ ሞቼ በዋናው መንገድ በመኪና እንዳትወስዱኝ። አባቴም እናቴም ባሌም በቃሬዛው መንገድ ነው ያለፉት። መንገዱ እስኪከፈት አልሞትም ብላለች በላቸው» አለችኝ። ነርሷ ሳቀች፤ ዶርካስ ግን አልሳቀችም። ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ «ቆይ እስቲ፣ ያን ፈቃድ የሚሉትን ነገር ኮሎኔሉ ለማን ነው የሰጡት? እኔ ሰማንያ ዓመት ሳልፍ ማንንም ጠይቄ አላውቅም» አለች። በዚህ መካከል ሐኪሙ ገባና ከመልስ አዳነኝ።

ለእርስዎ ግን እመልሳለሁ። ኮሎኔል ዊንያት ፈቃድ አልሰጡኝም። ስለዚያ መንገድ ከአፋቸው አንድ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ዐረፍተ ነገሩን የጨመርሁት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ታይፕ አድርገው ከጨረሱ በኋላ፣ ማተሚያ ቤቱ ለእርማት በላከልኝ ወረቀት ጠርዝ ላይ፣ በራሴ እጅ ጻፍሁት።

ምክንያቱን ስጽፍ ፊቴ ይቀላል፤ ቢሆንም የጀመርሁትን ልጨርስ። በየዓመቱ መጨረሻ በኮሎኔሉ ቤት የእራት ግብዣ ይደረግ እንደነበር ያስታውሳሉ። ካህኑ ይጠራል፣ ሐኪሙ ይጠራል፣ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ሳይቀር ይጠራል። እኔ በዚህ መንደር ሃያ ዓመት ሙሉ የሰውን ሁሉ ልጅ ፊደል ያስቆጠርሁ ሰው፣ ተጠርቼ አላውቅም። ስማቸው በምስጋና ታትሞ ሲያዩ ያስታውሱኛል ብዬ አሰብሁ። ጥቁር ኮት አሰፋሁ። ኮቱ ዛሬም ቁም ሣጥኔ ውስጥ አለ፤ ጥሪው ግን አልመጣም። ዐረፍተ ነገሩ ማንንም ይጎዳል ብዬ አላሰብሁም፤ ጨዋነት መስሎኝ ነበር። እኛ እኮ የራሳችንን ወንበር ስንሳብ እንኳ ይቅርታ የምንጠይቅ ሰዎች ነን።

ይህንኑ መንገዱን ለማስከፈት የሚሟገተው የመንደሩ ኮሚቴ ለቀጠረው ጠበቃ ነገርሁት። መነጽሩን አውልቆ አሻሸና፣ «በአርባ ሰባት ዓመትዎ አሳተሙት፣ በሰማንያ ሦስት ዓመትዎ ካዱት። መርማሪው የትኛውን ሚስተር ኬትሊ ይመን?» አለኝ። የእርስዎ ምስክርነት እንደሚረዳ ነገረኝ፤ ሆኖም የሁለት ሽማግሌዎች ትዝታ በታተመ ገጽ ፊት ብዙ እንደማይቆም አልሸሸገኝም።

እንግዲህ የጠየቁኝን ሰጥቻለሁ። ያልነገሩኝን ነገር እጠብቃለሁ።

አምብሮዝ ኬትሊ


ስትሮምነስ፣ ኤፕሪል 11

ውድ መምህር፤

ስለ ዶርካስ ያነበብኩ ቀን ምንም አልበላሁም። በየሦስት ቀኑ ስለ እርሷ ይጻፉልኝ፤ አንድ መስመር ይበቃል። ጀርባዋን እንዲያገላብጧት ይንገሩልኝ፤ በእንዲህ ያለ ስብራት አልጋው ነው ሰውን የሚገድለው።

እውነቱን ስለ ጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ቀላል እንዳልነበረ አውቃለሁ። አሁን ተራው የእኔ ነው።

መጽሐፉ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ከኮሎኔሉ ቤት ደብዳቤ መጣ። መጽሐፉን ላሳተመው የመንደሩ ኮሚቴ ጸሐፊ ነበር የተጻፈው፤ ጸሐፊዋም እኔ ነበርኩ። ቆሜ አነበብኩት። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ለአባላቱ ማንበብ ነበረብኝ። ስብሰባው ላይ ግን ሁሉም ተነሥቶ አጨበጨበልዎ። የጎተራውን ሥዕል በፍሬም አድርገው ሰጡዎት፣ እርስዎም ንግግር ሊያደርጉ ተነሥተው ድምፅዎ ተቆረጠ። ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሳላወጣው ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

በ1971 እንደገና ሲታተምም አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ገጽ አሥራ አራት ይታረም ነበር። አልተናገርኩም። ያኔ ደግሞ ለምን ደበቅሽው የሚለውን ጥያቄ ፈራሁ። ለእርስዎ ስል ዝም ያልኩ መስሎኝ ኖርኩ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ለራሴ ስል ነበር። ዶርካስ የወደቀችበት ቦይ ላይ የእኔም እጅ አለበት።

ደብዳቤውን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ሁለት አንቀጽ ነው። የመጀመሪያው መንገዱን ያድነዋል፤ የኮሎኔሉ እጅ ጽሑፍ ነው፣ ፊርማቸውም ማኅተማቸውም አለበት። ሁለተኛው ስለ እርስዎ ነው። እዚህ ላይ አልደግመውም። ሳይቀመጡ እንዳያነቡት።

በሁለተኛው አንቀጽ ምን እንደሚያደርጉ ልመክርዎ አልችልም። ያደረጉትን ግን ይጻፉልኝ። ስሜን ለመሸፈን ብለው ምንም ነገር እንዳይተዉ፤ የምጠይቅዎ ይህንን ብቻ ነው።

ሙሪየል


ኔዘር ታሮ፣ ኤፕሪል 29 ቀን 1994
ዕድሜዬ ሰማንያ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ከዘጠኝ ቀን

ይድረስ ለውድ ወዳጄ ለሙሪየል፤

አዎን፣ ተቀምጬ ነው ያነበብሁት። ፖስተኛው በሩ ላይ ሰጠኝ፤ ቤት ውስጥ ብቻዬን መክፈቱ ከበደኝና እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ወርጄ አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ። ሁለት አውቶቡሶች አለፉኝ። የሁለተኛው ሹፌር ትሄዳለህ ወይስ አትሄድም ብሎ ጮኸብኝ፤ በእጄ እለፍ አልሁት።

ማንበቤን እንዲያምኑ እነሆ ገልብጬዋለሁ፤

«በመጽሐፋችሁ ገጽ አሥራ አራት ላይ በቃሬዛው መንገድ የሚታለፈው በእኔ ፈቃድ ነው ተብሏል። አልፈቀድሁም። የምፈቅደውም የምከለክለውም ነገር የለኝም፤ የላይኛው መንደር ሰዎች አያቴ ይህን ርስት ሳይገዛ በፊት ያልፉበት ነበር፣ እኔም የእነርሱን ነገር እንደ ራሴ ቸርነት መቀበል አልወድም። በሚቀጥለው ኅትመት ይታረም።

«ለመምህር ኬትሊ ደግሞ ንገሪልኝ፤ ከእኔ ጋር ማዕድ ለመቅረብ ያን ያህል ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አያስፈልገውም ነበር። በማድ ቤቱ በር መጥቶ ቢያንኳኳ ወጥ ቤቷ ሾርባ አትነፍገውም። ብዙ ዓይነት አጎብዳጅ አይቻለሁ፤ የጎረቤቶቹን መብት ለእራት ጥሪ የሰጠ ሰው ሳይ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።»

ሠላሳ ስድስት ዓመት ከዚህ ስላዳኑኝ ላመስግንዎ ወይስ ልውቀስዎ አላውቅም። ሁለቱንም በልቤ አድርጌዋለሁ። ያን ጊዜ ሰምቼው ቢሆን ከመንደሩ እሄድ ነበር፤ መንገዱ ግን ክፍት በሆነ ነበር።

የኮሚቴው ጠበቃ ደብዳቤውን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ። የመጀመሪያውን አንቀጽ ሦስት ጊዜ ካነበበ በኋላ ወደ ሁለተኛው ወረደ። በመጨረሻም፣ ሰው እንዳላስከፋ ብሎ ቀስ እያለ፣ ሁለተኛው አንቀጽ ስለ መንገዱ ምንም ስለማይል ኮፒ ሲነሣ ነጭ ወረቀት ቢሸፍነው ማንም አይጎዳም አለኝ። ወረቀቱንም እርሱ ራሱ አስቀመጠልኝ። እውነት ለመናገር በጣም ያምር ነበር። ከላይ የኮሎኔሉ ንጹሕ ጽሑፍ፣ ከታች ፊርማቸው፣ በመካከሉ ሰፊ ንጹሕ ቦታ። አመስግኜው ልሰብበት ብዬ ወደ ቤቴ ይዤው መጣሁ። አሥር ቀን አሰብሁበት። ምክንያትም አላጣሁም፦ ያስተማርኋቸው ልጆች በአዳራሹ ይኖራሉ፣ የልጆቻቸው ልጆችም ይኖራሉ፤ የሞተ ሰው ስድብ ለሕግ ምን ይፈይዳል፤ በወረቀት መሸፈኑንስ ማን ያውቃል። እያንዳንዱ ምክንያት ጥሩ ነበር። ያንን ዐረፍተ ነገር በኅትመቱ ጠርዝ ላይ ስጽፍ የነበሩኝም ምክንያቶች እንዲሁ ጥሩዎች ነበሩ።

ትናንት ወደ ሆስፒታል ሄድሁ። ዶርካስ ከስታለች፤ እጇ እንደ ወረቀት ሆኗል። እንዲያገላብጧት ነግሬያቸዋለሁ፤ ነርሶቹ ተቆጡኝ፣ እኔም ከእርስዎ የተላከ ነው አልኋቸው። ከዚያ ደብዳቤውን አውጥቼ ከመጀመሪያው እስከ ፊርማው አነበብሁላት። ዐረፍተ ነገሩን ማን እንደ ጨመረ፣ ለምን እንደ ጨመረ ነገርኋት።

ዐይኗን ጨፍና ነበር የሰማችኝ። የተኛች መስሎኝ ነበር።

«ሾርባውን እንኳ ሳትበላ ቀረህ በለኛ» አለች።

አልበላሁም አልኋት።

«አልተቆጣሁህም ብዬ አልዋሽህም፣ አምብሮዝ። እዚህ ጀርባዬ ላይ ተጋድሜ ጣራ ስቆጥር አንድ ወር አለፈኝ። ለኮሎኔሉ ሳይሆን ለእኔ ነበር ማመስገን የነበረብህ፤ ልጆችህን ሳስታምም በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ መጣሁ?» ከዚያም ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ልወጣ ስነሣ ግን፣ «ሙሉውን አንብበው። የተቆረጠ ነገር ካመጣህ ያ የክሌግ ጠበቃ ይበላሃል» አለችኝ። ደኅና ዋል አላለችኝም።

ስለዚህ ወረቀቱን አነሣሁት። ዋናውን ደብዳቤ፣ ሳይሸፈንና ሳይገለበጥ፣ ፖስታ ውስጥ ከትቼ የመርማሪውን ስም ጻፍሁበት። ከእርሱ ጋር በእጄ የጻፍሁትን ቃል አያያዝሁ፤ በ1958 ምን እንደ ጨመርሁና ስለ ምን እንደ ጨመርሁ፣ ማንም እንዳልፈቀደልኝ፣ የጎረቤቶቼን መብት በተመለከተ ኮሎኔሉ ያሉት ትክክል መሆኑን። ደብዳቤው ይህን ያህል ዓመት የት እንደ ነበረ ካልተነገረ ስለማይታመን የእርስዎንም ስም ጽፌአለሁ፤ ለዚህ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጠበቃውን አላማከርሁትም። ሜይ 12 ቀን በአዳራሹ ቆሜ በድምፄ አነበዋለሁ፤ ድምፄ ከተቆረጠም እስኪመለስ ቆሜ እጠብቃለሁ። መንገዱ ይከፈት አይከፈት መርማሪው ነው የሚያውቀው። ዶርካስም እስከዚያ ትቆይ አትቆይ ሐኪሞቹ አይነግሩኝም። ጠበቃው ደብዳቤውን ባየ ዕለት፣ ይህ ከቀረበ ክሌግ የሚይዘው ነገር አይኖርም ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን ጠበቆች የሚሉትን ሁሉ ከማመን ተቆጥቤአለሁ።

ችሎቱ እስኪደርስ አሥራ ሦስት ቀን ቀርቷል። ራሴን ስለማውቅ፣ በአሥራ ሦስት ቀን ውስጥ ሌላ አሥራ ሦስት ጥሩ ምክንያት እንደማገኝ አውቃለሁ። በዚህም ምክንያት የመርማሪውን ፖስታ ዛሬ ጠዋት ሱቁ እንደ ተከፈተ በአደራ አስመዘገብሁት። ባለ ሱቋ ከተመዘገበ በኋላ ልመልሰው ብል እንደማይቻል ነገረችኝ፤ ሁለት ጊዜ ጠይቄአት ነው።

ይህኛውንም ለእርስዎ አሁን አሽጌ፣ ከአራት ሰዓቱ ፖስታ ጋር እልከዋለሁ።

አምብሮዝ ኬትሊ